ወር ያለፈውን የወገብ ህመም እንዴት እናስታግሰው?

ጫማዬን ላስር ጎንበስ ስል ነው ወገቤን ቀስፎ የያዘኝ። እናቴ «ብርድ ነው» አለች። ጎረቤት «ኩላሊት ነው» አለ። እኔ ደግሞ ሁለት ሳምንት ሙሉ ተኛሁ። የከፋው ስህተቴ ያ ነበር። ስነሳ ግድግዳ ካልያዝኩ መራመድ አቃተኝ።

ህመም ከ3 ወር ካለፈ ሥር ሰደደ ይባላል። መፍትሔው ብዙ ጊዜ በእጃችን ነው፤ ቅደም ተከተሉን ግን እንጠብቅ።

መጀመሪያ አደገኛ ምልክት እንደሌለ አረጋግጡ። ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃታችሁ፣ ብልትና መቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ፣ እግራችሁ እየዛለ ከሄደ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ያለምክንያት መክሳት ካለም ሐኪም ቤት ለመሄድ አትዘግዩ። ቲቢ አከርካሪንም ይይዛል።

እነዚህ ከሌሉ ኤምአርአይ (የሰውነትን ውስጥ በማግኔት የሚያሳይ ምርመራ) ለመነሳት አትቸኩሉ። ምንም የማያማቸው ብዙ ሰዎችም ሲነሱ ዲስካቸው፣ ማለትም በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ፣ አበጥ ብሎ ይታያል። «ዲስክህ ተንሸራቷል» ሲባል ሰው ይደነግጣል። ዲስክ ግን ከአጥንቶቹ ጋር የተያያዘ ነው፣ ከቦታው አይንሸራተትም። ወጣ ያለውም ብዙ ጊዜ በራሱ ይቀንሳል።

ታዲያ ለምን ያማል? ሌባ አንዴ የገባበት ግቢ ውሻ ነፋስ ሲነፍስም ይጮሃል። የቆየ ህመም ላይ ነርቮችም እንደዚያው ናቸው። የሚያረጋጋቸው በልክ መንቀሳቀስ ነው።

ልኩን ፈልጉ። እኔ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ አቅጣጫ 5 ደቂቃ ሄጄ እመለስ ነበር። በየሳምንቱ 2 ደቂቃ ጨመርኩ። ስትሄዱ ትንሽ ቢያማችሁ አይክፋችሁ፤ በማግስቱ ጠዋት ብሶ ካደረ ግን ቀንሱ። ደህና የሆናችሁ ቀን ደግሞ አደራ፣ አታብዙት! አንድ ቀን ቀለል ብሎኝ ከፒያሳ ቁልቁል ለገሃር ድረስ ወረድኩ። በማግስቱ ካልሲ ማጥለቅ አቃተኝ።

ማታ ምንጣፍ ላይ በጀርባችሁ ተኙ። ጉልበታችሁን አጥፉ፣ መቀመጫችሁን አንሱ፣ 5 ሰከንድ ቆዩ፣ ቀስ ብላችሁ አውርዱ። 10 ጊዜ ይበቃል። ቢሮ በየግማሽ ሰዓቱ ተነሱ። ታክሲ ውስጥ ደግሞ አንድ ፌርማታ ቀድማችሁ «ወራጅ አለ» በሉ።

ዲክሎፌናክ የሚባለውን የህመም ማስታገሻ ያለሐኪም በየቀኑ አትዋጡ። ጨጓራ ያቆስላል፣ ኩላሊት ይጎዳል፣ ደም ግፊት ይጨምራል። የወገብ ቀበቶም መፍትሔ አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ ለቆየ የወገብ ህመም አይመክረውም። ወጌሻ ቀስ ብሎ ሲያሽ ቀለል ሊላችሁ ይችላል። «ላቃናው» ብሎ አከርካሪያችሁን በኃይል እንዲጠመዝዝ ግን አትፍቀዱ።

በጥቂት ሳምንታት ካልተሻለ ሐኪማችሁን ወደ ፊዚዮቴራፒ እንዲልካችሁ ጠይቁ። እዚያ ስትደርሱ «ያመኛል» ብቻ አትበሉ። «ልጄን ማቀፍ አቃተኝ»፣ «ደረጃ መውጣት ከበደኝ» በሉ። ባለሙያው እንቅስቃሴውን የሚመርጥላችሁ ከዚያ ተነስቶ ነው።