የስደተኛ ተማሪዎችን መምህራን ለምታሠለጥኑ

በጋምቤላ እንደ ኩሌ ባሉ መጠለያ ጣቢያዎች ለሚያስተምሩ መምህራን ሥልጠና ስታዘጋጁ ገለጻውን አሳጥሩ፤ ጊዜውን ለልምምድ ስጡት። ሁለት ሁለት ሆነው አንዱ መምህር፣ አንዱ ዝምተኛ ተማሪ ይሁን፤ ከ5 ደቂቃ በኋላ ይቀያየሩ።

የሚለማመዱት የጠዋቱን ስሜት መጠየቂያ ነው፤ ተማሪው በዚያ ጠዋት ምን እንደሚሰማው ከ1 እስከ 5 በጣቱ ይቆጥራል። ክፍሉ ስለሚጨናነቅ ተማሪዎች ጣታቸውን ደረታቸው ላይ ያሳዩ፤ ጎረቤት እንዳያይባቸው። 1 «ከፍቶኛል»፣ 5 «ደህና ነኝ» ማለት ነው። እንዳይተያዩ ተብሎ «ዓይን ጨፍኑ» አይባል፤ የሚያስፈራቸው ልጆች አሉ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ 1 ያሳየን ልጅ በሰው ፊት «ምን ሆንክ?» ይሉታል። ልጁ ይሸማቀቃል፤ ከዚያ ወዲያ የሚያሳየው 5 ብቻ ነው። በእረፍት ሰዓት ጠጋ ብሎ «ዛሬ ምን ላግዝህ?» ማለት ይበቃል። የስደቱን ነገር ራሱ ካላነሳው አትጠይቁት።

ኑዌርኛ ወይም አኙዋክኛ የሚችሉ ረዳት መምህራንም አብረው ይሠልጥኑ። ራሱን የሚጎዳ ልጅ ሲያጋጥም ለማን እንደሚነገር ደግሞ ስልክ ቁጥሩን ጭምር ጽፋችሁ ስጧቸው።