የተበላሸ ቺፕስ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

በጎንደር ምግብ ቤቶችም ሆነ በየቤቱ ቺፕስ ሲበላሽ ወቀሳው ወዲያው ዘይቱ ላይ ያርፋል። ብዙውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የድንቹ ውፍረትና የተሰጠው ሙቀት አለመጣጣማቸው ነው። የቤልጅየሙ ቺፕስ አንድ ሳንቲሜትር ያህል ውፍረት ኖሮት ሁለት ጊዜ ይጠበሳል፤ የእንግሊዙ ከዚያም ይወፍራል፤ እንደ ክብሪት እንጨት የቀጠነው ደግሞ አንድ ዙር ይበቃዋል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የትኛው ዓይነት ሊሠራ እንደታሰበ መወሰን ያስፈልጋል።

ውጪው ጠቁሮ ውስጡ ጥሬ ሲሆን

ይህ በወፍራሙ ዓይነት ላይ ጎልቶ የሚታይ ሲሆን፣ መንስኤው ገና ከመጀመሪያው የበረታ ሙቀት ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃ እዚህ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። የድንቹ ውስጥ የሚበስለው በራሱ ውኃ ሙቀት በመሆኑ ከቆላው ይልቅ ይዘገያል፤ የዘይቱ ሙቀት ግን በከፍታ ምክንያት ስለማይቀንስ ቅርፊቱ ቀድሞ ይጠቁራል። መፍትሄው ድንቹን በመጀመሪያው ዙር በ140 ዲግሪ ገደማ፣ ቀለም ሳይዝ እስኪለሰልስ መጥበስ፣ አውጥቶ በሚገባ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያም በ175 ዲግሪ አካባቢ ለሁለት ወይም ለሦስት ደቂቃ መልሶ መጥበስ ነው። የውጭ አገር መመሪያ 190 ዲግሪ ቢልም እዚህ ቢያንስ አሥር ዲግሪ መቀነስ ይሻላል። የሙቀት መለኪያ የሌለው ሰው አንድ ቁራጭ ጣል አድርጎ ይመልከት፤ በመጀመሪያው ዙር አረፋው ረጋ ብሎ መውጣት፣ በሁለተኛው ግን ወዲያው መንጫጫት አለበት። ቀቅሎ መጥበስ የሚመርጥም የመቀቀያውን ጊዜ ያራዝም፤ ውኃው ላይ ጥቂት ኮምጣጤ ጠብ ቢያደርግበት ድንቹ አይፈራርስም።

ከወጣ በኋላ ወዲያው ሲለሰልስ

ድንቹ ከተቆረጠ በኋላ ስታርቹ በቀዝቃዛ ውኃ ታጥቦ ካልወጣና በጨርቅ ካልደረቀ ቅርፊቱ አይጠነክርም። መጥበሻውን ማጨናነቅም ሆነ ትኩሱን ቺፕስ ከድኖ ማስቀመጥ ያው ውጤት አለው፤ እንፋሎቱ መውጫ ያጣልና። ሳህን ላይ ከመከመር በወንፊት ላይ መዘርጋት ይበጃል።

ዘይት ሲጠጣና ከንፈር ላይ ሲቀር

ቀጭኑ ዓይነት ከክብደቱ አንጻር ሰፊ ገጽ ስላለው ከወፍራሙ የበለጠ ዘይት ይይዛል፤ ይህ ጠባዩ እንጂ ጉድለቱ አይደለም። ዘይቱ በቂ ሙቀት ሳያገኝ ድንች ከተጨመረበት ግን የትኛውም ዓይነት ይረጥባል፤ ስለዚህ ጥቂት በጥቂት መጨመር ይገባል። ከንፈር ላይ የሚቀረው ስብ ብዙውን ጊዜ ከሚረጋው የፓልም ዘይት የሚመጣ ሲሆን፣ በጎንደር ብርዳማ ማለዳ ቺፕሱ ሲቀዘቅዝ ይበልጥ ይታወቃል። በፈሳሽ ዘይት መጥበስ ወይም ትኩሱን መብላት ነው መፍትሄው። ቤልጅየሞች በልማድ የሚጠቀሙበት የበሬ ሞራ ጣዕሙ ቢመሰገንም ለጾም አይሆንም፤ ከተማችን ደግሞ ቺፕስን አብዝታ የምትፈልገው በጾም ይመስለኛል።

ሙቀቱ ልክ ሆኖ ሳለ ሲጠቁር

ድንቹ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከርሞ እንደሆነ ይጠየቅ። ከ6 ዲግሪ በታች የቆየ ድንች ስታርቹን ወደ ስኳር ስለሚለውጥ በዘይት ውስጥ ቶሎ ይጠቁራል፤ ለጤና የማይበጀው አክሪላማይድም ይበዛበታል። ከደባርቅና ከዳባት የሚወርደውን ድንች በጆንያ፣ ነፋስ በሚያገኘው ጨለማ ቦታ ማኖር ይመረጣል።

መረቅና አይብ የፈሰሰበት ሲበሰብስ

ይህ በ1950ዎቹ በካናዳዋ ኬቤክ የተጀመረው ፑቲን የተባለው ነው። ወፍራምና ሁለት ጊዜ የተጠበሰ ድንች ይጠይቃል፤ መረቁም የሚፈስበት ሊቀርብ ሲል ብቻ ነው።

ሲቀመስ ሲመር

ዘይቱ ካላረጀ ድንቹ ፀሐይ መትቶት አረንጓዴ ሆኖ ሊሆን ይችላል። በውስጡ የሚፈጠረው ሶላኒን የተባለ መራራ መርዝ በመጥበስ አይጠፋም፤ ጥቂት የነካውን በጥልቀት ልጦ ማስወገድ፣ ብዙ የነካውን ግን መጣል ነው።