ድምፁ የጠፋ ዴስክቶፕ፦ በመጨረሻ የሠራው ነገር

ሐዋሳ ቤታችን ያለው ዊንዶውስ 10 የተጫነበት ዴስክቶፕ ድንገት ድምፁ ጠፋ። የድምፅ ምልክቱ ላይ ቀይ ኤክስ የለም፣ ቮልዩሙ 100 ላይ ነው፣ ዘፈን ስከፍት ግን ጭጭ ነው። ልጆቹ የትምህርት ቪዲዮ የሚያዩት በእሱ ስለሆነ በጣም አስጨነቀኝ።

ስፒከሩን ነቅዬ ስልክ ላይ ሰካሁት፤ በደንብ ይሠራል። ገመዱን ከኋላ ካለው አረንጓዴ ቀዳዳ ወደ ፊት ለፊቱ ቀየርኩ፤ ለውጥ የለም። ዲቫይስ ማኔጀር ገብቼ የሪልቴክን (የኮምፒውተሩን የድምፅ ቺፕ) ድራይቨር፣ ማለትም ቺፑን የሚያሠራውን ሶፍትዌር፣ አጥፍቼ እንደገና ጫንኩ፤ አሁንም ያው። ሳውንድ ካርዱ ተቃጥሏል፣ ሌላ ግዛ ያለኝም ነበር። እባካችሁ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ይህን እዩ።

ኮንትሮል ፓነል፣ ሃርድዌር ኤንድ ሳውንድ፣ ከዚያ ሳውንድ የሚለውን ከፈትኩ። ዘፈኑ እንደተከፈተ ፕሌይባክ የሚለውን ገጽ ሳይ፣ አረንጓዴዋ መስመር ከሞኒተሩ ስም አጠገብ ከፍ ዝቅ ትላለች። ለካ ኮምፒውተሩ ድምፁን እያወጣ ነው! የሚልከው ግን በኤችዲኤምአይ ገመድ ወደ ሞኒተሩ ነው፤ ሞኒተሩ ደግሞ ስፒከር የለውም። የሪልቴክ ስፒከር ዝርዝሩ ውስጥ ጭራሽ አይታይም።

ባዶው ቦታ ላይ ራይት ክሊክ አድርጌ «ሾው ዲሴብልድ ዲቫይስስ» የሚለውን ስመርጥ ደብዝዞ ብቅ አለ። እሱ ላይ ራይት ክሊክ አድርጌ «ኢኔብል»፣ ቀጥሎ «ሴት አዝ ዲፎልት ዲቫይስ» አልኩት። ዘፈኑ ወዲያው ተሰማ።

የኤችዲኤምአይ ገመድ ነቅላችሁ ስትሰኩ ምርጫው ሊቀየር ይችላል። ድምፁ ዳግም ከጠፋ ድራይቨር ከመነካካታችሁ በፊት አረንጓዴዋ መስመር የት እንደምትንቀሳቀስ ተመልከቱ።