የታይም ሲሪስ ፕሮጀክት ተሰጥቷችኋል? ከሞዴሉ በፊት በእጃችሁ ስሩት

የታይም ሲሪስ (በጊዜ ቅደም ተከተል የተመዘገበ ቁጥር) ፕሮጀክት የደረሳቸው ተማሪዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት "አሪማ ልጠቀም ወይስ ኤልኤስቲኤም?" ብለው ነው። አሪማ ካለፉ ቁጥሮች የሚተነብይ የስታቲስቲክስ ሞዴል ነው፣ ኤልኤስቲኤም ደግሞ የኒውራል ኔትወርክ አይነት። ጥያቄውን ለጊዜው ተዉት። ሞዴል ከመምረጣችሁ በፊት ዳታውን ይዛችሁ አንድ ሰአት ኤክሴል ላይ ብትቀመጡ የፕሮጀክቱ ግማሽ እዛው ያልቃል፣ የምሬን ነው።

መጀመሪያ ምን እንደምትተነብዩ፣ ለምን ያህል ጊዜ ወደፊት እንደሆነና ትንበያው ለማን እንደሚጠቅም በአንድ አረፍተ ነገር ጻፉት። ከዛ ዳታ ፈልጉ፣ ወርሃዊ ከሆነና በየአመቱ የሚደጋገም ነገር ካለው የሁለት አመት ዳታ አይበቃም፣ አራት አምስት አመት ያለው ይሻላል። የጎደለ ቀን ካለ፣ የተደገመ ረድፍ ካለ አሁኑኑ አጽዱት፣ ምን እንዳደረጋችሁም ማስታወሻ ያዙ ሪፖርቱ ላይ ትፈልጉታላችሁ።

አሁን በምሳሌ ላሳያችሁ። አር የሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ላይ ተጭኖ የሚመጣ የአየር መንገድ ተሳፋሪዎች ዳታ አለ፣ እ.ኤ.አ. ከ1949 እስከ 1960 በየወሩ በአለም አቀፍ በረራ የተጓዙ ሰዎች በሺህ ተቆጥረው፣ ባጠቃላይ 144 ቁጥር። ግራፉን ስትስሉት መስመሩ በየአመቱ እየጨመረ ይሄዳል፣ ጁላይና ኦገስት ላይ ጫፍ ይወጣል፣ ደግሞ የውጣ ውረዱ ስፋት ራሱ ከአመት አመት ያድጋል። ይሄ ሶስተኛው ነገር ነው ብዙ ሰው የሚያልፈው፣ ሎግ (ሎጋሪዝም) ውሰዱ የሚባለውም በሱ ምክንያት ነው፣ ሎግ ሲወሰድ የውጣ ውረዱ ስፋት ይቀራረባል።

የመጨረሻውን አመት ማለትም 1960ን ለቴስት (ለመፈተሻ) ቆርጣችሁ አስቀምጡትና አትንኩት። እባካችሁ ራንደም ስፕሊት (ዳታውን በዘፈቀደ መክፈል) አታድርጉ፣ ሞዴሉ ጁንን እና ኦገስትን አይቶ ጁላይን ቢገምት መሀል መሙላት ነው እንጂ ትንበያ አይደለም። ስኬል የምታደርጉም (ቁጥሮቹን ወደ ተመሳሳይ መለኪያ የምታመጡም) ከሆነ አማካዩንና ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑን ከትሬኒንጉ (ሞዴሉ ከሚማርበት ክፍል) ብቻ አስሉ፣ ከሙሉው ዳታ ካሰላችሁት የወደፊቱ መረጃ ሾልኮ ይገባል።

ቀጥሎ ቤዝላይን፣ ማለትም ሞዴላችሁ የሚወዳደርበት ቀላል ትንበያ። በጣም ቀላሉ "ያምናው ወር ይደገማል" የሚለው ነው። ይሄንን መጀመሪያ 1959 ላይ ሞክሩት፣ የ1958ን ቁጥሮች ኮፒ አድርጋችሁ ከ1959 ጋር ስታነጻጽሩ አስራ ሁለቱም ወር ላይ ትንበያው ከእውነተኛው ያንሳል፣ በአማካይ በ47.3 ሺህ። ስህተቱ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ካጋደለ ዳታው የሆነ ነገር እየነገራችሁ ነው፣ እዚህ ትሬንድ (በየአመቱ የመጨመር አዝማሚያ) አለ ማለት ነው። ስለዚህ ለ1960 ያምናውን ወር ትወስዱና 47.3 ትጨምሩበታላችሁ። ሳትጨምሩ የ1960 አማካይ ስህተት 47.8 ነበር፣ ስትጨምሩ ወደ 13.3 ይወርዳል። በመደመርና በመቀነስ ብቻ! የምታመጡት ሞዴል ይሄን 13.3 ማሸነፍ አለበት፣ ካላሸነፈ ስሙ ምንም ያህል ትልቅ ቢሆን አልጠቀመም፣ ያንንም ሪፖርቱ ላይ በግልጽ መጻፍ ያስከብራል እንጂ አያሳፍርም።

የቀሩትን ስህተቶችም አንድ በአንድ እዩ። ማርች 1960 ትንበያው በ34 ሺህ ገደማ ይበልጣል፣ ኤፕሪል ላይ ደግሞ በ18 ሺህ ያንሳል። ለምን? የምዕራባውያን ፋሲካ በ1959 ማርች 29 ነበር፣ በ1960 ግን ኤፕሪል 17 ላይ ዋለ፣ ተጓዡ ከበዓሉ ጋር ወር የቀየረ ይመስላል። ፈታኝ ፊት ስትቆሙ እንዲህ አይነት ማብራሪያ ከአስር ግራፍ ይበልጣል።

ሞዴሉ ጋር ስትደርሱ ከሳሪማ ጀምሩ፣ በየአመቱ የሚደጋገመውንም የሚይዝ አሪማ ነው። የስታቲስቲክስ ምሁራኑ ቦክስና ጄንኪንስ በ1970 ለዚሁ ዳታ የሰሩት ሎጉ ተወስዶ አንዴ ከወር ወር፣ አንዴ ከአመት አመት ልዩነት የሚወሰድበት ነው። ዳታው ስቴሽነሪ መሆኑን (አማካዩና ስፋቱ በጊዜ የማይለዋወጥ መሆኑን) ስትፈትሹ ኤዲኤፍ እና ኬፒኤስኤስ የሚባሉት ሁለት ፈተናዎች ተቃራኒ መነሻ እንዳላቸው አትርሱ፣ ኤዲኤፍ ስቴሽነሪ አይደለም ብሎ ይነሳል፣ ኬፒኤስኤስ ነው ብሎ፣ ስለዚህ ኤዲኤፍ ላይ ፒ ቫልዩ (መነሻውን ለመጣል የሚታየው ቁጥር) ከ0.05 ሲያንስ ጥሩ ምልክት ነው፣ ኬፒኤስኤስ ላይ ግን መጥፎ። ሞዴሉ ከሰራ በኋላ ሪዚጅዋሉ (ከትንበያው በኋላ የሚተርፈው ስህተት) ላይ የሚደጋገም ነገር ከቀረ ሞዴሉ ያላነሳው መረጃ አለ ማለት ነው፣ ተመለሱ። ኤልኤስቲኤም ለ144 ቁጥር በጣም ብዙ ነው፣ ብዙ ተመሳሳይ ሲሪስ ሲኖራችሁ ግን መሞከሩ ተገቢ ነው።

ስህተት መለኪያ ስትመርጡ ዳታው ውስጥ ዜሮ ካለ በፐርሰንት አትለኩ፣ ለዜሮ ማካፈል ይመጣል። በአንድ አመት ቴስት ብቻም አትመኑ፣ መነሻውን እየገፋችሁ 1957ን፣ 1958ን፣ 1959ን ተንብዩና አማካዩን ውሰዱ፣ ሪፖርቱ ላይ ደግሞ አንድ መስመር ብቻ ሳይሆን ከላይና ከታች ያለውን ክልል አብራችሁ ሳሉት፣ እውነተኛው ቁጥር ስንት ጊዜ ከክልሉ እንደወጣም ቆጥራችሁ ጻፉ።