ለጭላዳ ጭንብል የሚሆን ዕቃ ጎንደር ውስጥ እንዴት ይሰበሰባል?

ሙሉ ጭንቅላት የሚሸፍን የእንስሳ ጭንብል በቤታችሁ ልትሠሩ ካሰባችሁ፣ ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። ምን ያህል ይከብዳል? ውስጡስ ትንፋሽ አለው? ሰው ግን ብዙ ጊዜ ከመልኩ ይጀምራል። የሚያምር ፀጉርና የሚያብረቀርቅ ዓይን ይገዛና ሁሉም ሲገጣጠም ለባሹ አሥር ደቂቃ እንኳ መቆም ያቅተዋል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጠቅሰውን እያንዳንዱን ዕቃ ስትመርጡ በእጃችሁ መዝኑት፣ አፍንጫችሁ ላይ አድርጋችሁም ተንፍሱበት። የእኔ ልክ፣ ያለቀው ጭንብል ከሁለት ኪሎ መብለጥ የለበትም።

ምሳሌ የማደርገው የዝንጀሮ ዘመድ የሆነውን ጭላዳን ነው። አንበሳ ሁሉም ይሠራል። ጭላዳ ግን የኛው የሰሜን ተራሮች ልጅ ነው፤ ከጎንደር ደባርቅ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፣ ከዚያ ወደ ፓርኩ ገባ ሲባል በመንጋ ሆኖ ሣር ሲነጭ ይገኛል። ከኢትዮጵያ ውጭ በዱር የትም አይኖርም። ለጭንብልም ይመቻል። ወንዱ ትልቅ ጎፈር ስላለው ያ ጎፈር አንገታችሁንና ትከሻችሁን ይሸፍናል፣ ጭንብሉ የት ላይ እንደሚያልቅ አይታወቅም። ደግሞ ሲጨንቀው ወይም ሲያስፈራራ የላይኛውን ከንፈሩን ገልብጦ ድዱንና ጥርሱን ያሳያል። አፉን ከፍታችሁ ከሠራችሁት በአፉ በኩል ታያላችሁ፣ በአፉ በኩል ትተነፍሳላችሁ።

መጀመሪያ ልኬት

የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ከቅንድብ በላይ የጭንቅላታችሁን ዙሪያ ለኩ፤ የአዋቂ ሰው ብዙ ጊዜ ከ55 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ከአገጭ እስከ አናት፣ ከአፍንጫ ጫፍ እስከ ማጅራትም ለኩ። መነጽር የምታደርጉ ከሆነ አድርጋችሁ ተለኩ። ሹሩባ የምትሠራ ልጅ ከሆነች የምትለብሰው ሹሩባዋን ተሠርታ ትለካ።

ከዚያ ትልቅ ወረቀት ላይ፣ ወይም የተዘረጋ ካርቶን ላይ፣ ፊት ለፊቱንና ጎኑን በትክክለኛ መጠኑ ሳሉት። ስዕል አልችልም አትበሉ። ለራሳችሁ መለኪያ እንጂ ለሽያጭ አይደለም። የት ጋ ዓይናችሁ እንደሚውል፣ የት ጋ የጭላዳው አፍ እንደሚከፈት ምልክት አድርጉ። ይሄ ስዕል ገበያ አብሯችሁ ይሄዳል።

አጽሙ

ጭንብሉ ጭንቅላታችሁ ላይ ሳይዞር የሚቀመጠው በአጽሙ ነው። እኔ የምመክረው የግንባታ ሠራተኛ ሄልሜት ነው፤ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ይገኛል፣ ያገለገለም ከሆነ ችግር የለውም። ቀላል ነው። ውስጡ ያሉት ጥብጣቦች አናታችሁንና ፕላስቲኩን ስለሚያራርቁት በመካከሉ አየር ያልፋል። ማጥበቂያውም ከኋላ ስላለው ጭንብሉን ሁለት ሦስት ሰው እየተቀያየረ ሊለብሰው ይችላል። ስትገዙ ጥብጣቦቹ እንዳልተበጠሱ ገልብጣችሁ እዩ።

የሞተር ሳይክል ሄልሜት ግን አይሆንም። ይከብዳል፣ ጆሮ ይደፍናል፣ ያሞቃል። ሄልሜት ካጣችሁ ትንሽ እንቅብ ገልብጣችሁ መሞከር ትችላላችሁ፤ ስፌቱ አየር ስለሚያስገባና ቀላል ስለሆነ ጥሩ ነው፣ ውስጡን በወፍራም ጨርቅ ካልሸፈናችሁት ግን ግንባር ይቧጥጣል። የአገጭ ማሰሪያም ራሳችሁ መስፋት አለባችሁ።

ስፖንጁና ሙጫው

ጉንጩ፣ ቅንድቡ፣ አፍንጫው የሚወጣው ከስፖንጅ ነው። አዲስ ፍራሽ አትግዙ። ሶፋ የሚሠሩ ቤቶች ሂዱና «ወንድሜ፣ ቁርጥራጭ ስፖንጅ ይኖርሃል?» በሉ። ለእነሱ የሚጣለው ለእናንተ በቂ ነው። ውፍረቱ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር የሆነውን ለዙሪያው፣ ወፈር ያለውን ለአፍንጫና ለቅንድብ ውሰዱ። ጨብጣችሁ ልቀቁት። ወዲያው ከተመለሰ ጥሩ ነው። ተጨማዶ ከቀረ ወይም በጣታችሁ ሲነካ ዱቄት ከሆነ አርጅቷል፣ ተዉት። ቢጫ መሆኑ ብቻውን ችግር የለውም፣ ስለሚሸፈን አይታይም።

ለስፖንጅ የሚሆነው ሙጫ ማስቲሽ ነው። ሁለቱንም ፊት ሳሳ አድርጋችሁ ቀቡና አሥር ደቂቃ ያህል ጠብቁ። በጣት ሲነካ መያዝ ሲያቆም ነው የሚጋጠመው፤ አንዴ ከገጠመ አይላቀቅም። እዚህ ላይ ግን አደራ። ቴሌቪዥን ወይም ፍሪጅ ሲገዛ በካርቶኑ ውስጥ የሚመጣው ነጭ ፎም አለ አይደል? ብዙ ሰው ቀላልና ነፃ ስለሆነ ይሰበስበዋል። ማስቲሽ ያቀልጠዋል። አንድ ጠብታ ብታደርጉበት ዓይናችሁ እያየ ወደ ውስጥ ሰርጎ ጉድጓድ ይሆናል፣ ዳሩ ይጨማደዳል፣ እጅ ላይ የሚጣበቅ ነገር ብቻ ይቀራል። ነጩን ፎም መጠቀም ከፈለጋችሁ በኮላ ብቻ አጣብቁት፣ በውሃ በሚሟሟ ቀለም ብቻ ቀቡት። ተነር ያለበት ቀለምም እንዲሁ ነው የሚያደርገው።

የማስቲሽ ሽታው ጭንቅላት ይይዛል፣ ለጤናም አይሆንም። ግቢ ውስጥ፣ ነፋስ ባለበት ሥሩ። ቆርቆሮውን ወዲያው ክደኑት። ልጆች እየረዷችሁ ከሆነ መቁረጡንና መቀባቱን ከፋፍሉና ማስቲሹ በአዋቂ እጅ ብቻ ይሁን። ያለቀው ጭንብል ደግሞ ሽታው እስኪጠፋ ሁለት ሦስት ቀን ውጭ ሳይናፈስ ማንም አይልበሰው።

ፊቱ

የጭላዳ ፊት ፀጉር የለውም ማለት ይቻላል፣ ጠቆር ያለ ቡናማ ቆዳ ነው። አፍንጫው ዙሪያ ጉብጉብ ይላል፣ አፉ ከዝንጀሮ አጠር ይላል። ይሄንን ከስፖንጅ መቅረጽ ይቻላል፣ ግን ከወረቀት ቢሠራ መስመሩ ይወጣል። ለወረቀቱ መቅረጫ ጭቃ ያስፈልጋል። እኛ ጋ ደግሞ ጭቃ ሞልቷል። በደባርቅ መንገድ ከከተማ ወጣ ስትሉ ያለችው ወለቃ የሸክላ ሥራ አገር ናት፤ ከሸክላ ሠሪዎቹ የተቦካ ጭቃ መግዛት ትችላላችሁ። ገዝታችሁ ውሰዱ እንጂ በነፃ አትጠይቁ፣ ብዙ የተደከመበት ነው። ካላገኛችሁ ጠጠሩ የተነፋ ማንኛውም የሚያጣብቅ አፈር ይሆናል።

ጭቃውን የጭላዳ ፊት አድርጋችሁ ትቀርጻላችሁ፣ በስስ ላስቲክ ትሸፍኑታላችሁ፣ በላዩ የተቀደደ ጋዜጣ በሙጫ እየነከራችሁ ትደርባላችሁ። አምስት ስድስት ድርብ ይበቃል። ጋዜጣውን በእጅ ቅደዱት እንጂ በመቀስ አትቁረጡ፤ የተቀደደ ዳር ሲደረቅ ከጎረቤቱ ጋር ይዋሃዳል፣ የተቆረጠ ዳር ግን መስመሩ ይታያል። ሙጫው የስንዴ ዱቄት በውሃ ቀጠን አድርጎ በእሳት ማማሰል ነው። ትንሽ ጨው ጨምሩበት፣ እንዳይሻግት። አይጥ ያለበት ቤት ከሆነ የዱቄቱን ትታችሁ ኮላ ግዙ።

ጊዜው እዚህ ላይ ይወስናል። ለጥር 11 ጥምቀት የምታስቡ ከሆነ ኅዳር ላይ ጀምሩ። ሰማዩ ጥርት ያለ ስለሆነ ወረቀቱ በሁለት ሦስት ቀን ይደርቃል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን የወረቀት ሥራ አትሞክሩ። ውጩ የደረቀ መስሎ ውስጡ ይሻግታል።

ጎፈሩ

ሰው በጣም የሚቸገረው እዚህ ነው። ሰው ሠራሽ ፀጉር በሜትር የሚሸጥ ሱቅ ፍለጋ ከተማውን ሲዞር ይውላል። መልሱ ቅዳሜ ገበያ ነው። ቃጫ ግዙ።

«እማማ፣ ያልተገመደ ቃጫ አለዎት?» ብላችሁ ጠይቁ። የተገመደው ሲፈታ ጥቅልል እያለ ያስቸግራል፤ ሌላ ከጠፋ ግን ፈትታችሁ፣ ውሃ አርከፍክፋችሁ፣ ከታች ድንጋይ አንጠልጥላችሁ ብታሳድሩት ይለቃል። ረጅሙን፣ ነጣ ያለውን፣ ጫፉ ያልተበጣጠሰውን ምረጡ። ከምትገምቱት እጥፍ ያስፈልጋችኋል፤ ነዶ እያለ ብዙ የሚመስለው ቃጫ ተበትኖ ሲሰፋ ይሳሳል።

ቀለሙ ደግሞ ሰፌድና መሶብ የሚሰፉ ሴቶች አክርማቸውን የሚያቀልሙበት የዱቄት ቀለም ነው። ለጭላዳ ቡናማና ትንሽ ጥቁር። ሁሉንም አንድ ዓይነት አታድርጉት። ግማሹን ጠቆር፣ ግማሹን ፈካ አድርጋችሁ ስትቀላቅሉት ነው ሕይወት የሚዘራው። ምግብ የማይሠራበት አሮጌ ድስት ፈልጉ። ካፈላችሁ በኋላ ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ አለቅልቁት፣ ደጋግማችሁ፣ ሳትሰለቹ። ያልጠራ ቀለም ጭንብሉ ሲሞቅ ከላብ ጋር ወርዶ አንገትና ነጭ ልብስ ያበላሻል። ጥላ ውስጥ አድርቁትና ሰፋ ባለ ማበጠሪያ አበጥሩት።

ለጉንጩና ለአናቱ አጠር ያለ ፀጉር ትፈልጋላችሁ። ለዚህ ሰልባጅ ይሻላል፦ ኮፍያው ዙሪያ ፀጉር ያለው ጃኬት፣ ጠጉራም ምንጣፍ፣ የተጣለ ትልቅ አሻንጉሊት። ይሄንን ስትቆርጡ በመቀስ ከላይ እንዳትመቱት። ገልብጣችሁ ከጀርባው በምላጭ ጨርቁን ብቻ ሰንጥቁት፣ ፀጉሩ ሳይቆረጥ ይለያያል፣ ስፌቱንም ይሸፍናል።

አጎዛ ከበዓል በኋላ በየቤቱ አለ፣ አውቃለሁ። ግን ይከብዳል፣ ያሞቃል፣ በደንብ ካልተለፋ ይሸታል። የዱር እንስሳ ቆዳ ደግሞ በፍጹም። ሰው አለኝ ብሎ ቢያመጣላችሁም አትቀበሉ። የሰሜን ተራሮች በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ለእነዚህ እንስሳት ጭምር ነው፤ ጭላዳን ለማሳየት ጭላዳ መሞት የለበትም።

ዓይንና አፍ

ለዓይን የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ ለሁለት መክፈል ነው። አንድ ጥሩ ዘዴ ልንገራችሁ። የኳሱን ግማሽ ጎድጓዳ ፊቱን ወደ ውጭ አድርጋችሁ ውስጡን ብትቀቡት፣ ተመልካቹ በየትም ቢሄድ ዓይኑ የሚከተለው ይመስለዋል። ከመጠኑም አትቆጥቡ። የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ያሉትን የመላእክት ፊቶች አስታውሱ፤ ዓይናቸው ትልልቅና በጥቁር የተከበበ ስለሆነ ከወለሉ ቀና ስትሉ ጥርት ብሎ ይታያል። የጭላዳ የዓይን ሽፋሽፍት ቆዳ ፈዛዛ ነው፤ ያንን ነጣ አድርጋችሁ ብትቀቡት ጠቆር ካለው ፊት ላይ ጎልቶ ይወጣል።

እናንተ የምታዩት ግን በአፉ ነው። ለዚያ አሮጌ አጎበር ወይም የመስኮት የትንኝ ወንፊት ያስፈልጋል። ጥቁር ይሁን፤ ነጭ ከሆነ በውስጥ በኩል ጥቁር ቀቡት። ውጭ ብርሃን፣ ውስጥ ጨለማ ስለሆነ እናንተ ታያላችሁ፣ ሌላው አያያችሁም። ከመግዛታችሁ በፊት ፊታችሁ ላይ ይዛችሁ ደረጃ ውረዱበት። የደረጃው ጠርዝ ካልታያችሁ ሌላ ፈልጉ፤ ፒያሳ በበዓል ሰሞን ሕዝቡም ድንጋዩም አይቻልም። ጥርሱ ከዚያው ከወረቀት ይሠራል።

ውስጡ

አሮጌ የጥጥ ቲሸርት በቂ ነው፤ ላብ ይመጣል። ተነቅሎ እንዲታጠብ በቁልፍ ወይም በላስቲክ ይያያዝ። ከአናቱ ኋላ፣ ጎፈሩ በሚሸፍነው ቦታ፣ ሙቀቱ የሚወጣበት ቀዳዳ ተዉ። ለባሹ በየሃያ ደቂቃው አውልቆ ውሃ ይጠጣ፣ ክንዱን ይዞ የሚመራውም ሰው ይኑር።

ስፖንጅ፣ ማስቲሽና ቃጫ አንድ ላይ ሆነው እሳት ከነካቸው አይቆሙም። ደመራ፣ ችቦ፣ ሻማ ባለበት ጭንብሉ አይለበስ። የጥምቀትን ነገር ደግሞ ልብ በሉ፦ ጭንብሉ ለባህል ትርኢቱና ለካርኒቫሉ ነው። ታቦት በሚያልፍበት መንገድ ላይ አውልቃችሁ በእጃችሁ ያዙት።

ዕቃው ሁሉ ሲሟላ መጀመሪያ ሳታጣብቁ ሄልሜቱ ላይ በክር አስራችሁ ደርድሩት። ስፖንጁን፣ የወረቀቱን ፊት፣ ቃጫውን፣ ሁሉንም። ከዚያ ልበሱትና ቤት ውስጥ ተመላለሱ፣ ጎንበስ በሉ፣ ቀና በሉ። ወደ ፊት ከጎተታችሁ ከአፍንጫው ስፖንጅ ቀንሱ ወይም ጎፈሩን ከኋላ አብዙት። አንገታችሁ ሳይደክም ከቆያችሁ ማስቲሹን ክፈቱ።