የአየር ማጣሪያውን ሳጥን ከማውጣትዎ በፊት

አሮጌ ሞተር ብስክሌት ፈትተው በራስዎ ቅርጽ እየሠሩ ከሆነ፣ ለመልኩ ሲባል የአየር ማጣሪያው ሳጥን ወጥቶ በትንሽ ክፍት ማጣሪያ ሲተካ ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር ስለሚጨምር፣ የካርቡሬተሩ (አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለው ክፍል) ጂግለር፣ ማለትም ቤንዚኑን መጥኖ የሚያሳልፈው ባለ ቀዳዳ ብሎን፣ ካልተቀየረ ቤንዚኑ አንሶ ሞተሩ ከመጠን በላይ እንደሚሞቅ፣ ውሎ አድሮም ፒስተኑ ሊጎዳ እንደሚችል ይወቁ። ጂግለሩን አንድ አንድ ደረጃ እያሳደጉ ይንዱና ካንዴላውን (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) ፈትተው ጫፉን ይመልከቱ፤ ነጭ ከሆነ ቤንዚኑ አንሷል፣ ጥቁር ጥላሸት ከያዘ በዝቷል፣ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው።

በጎጃም ከፍታውም መታሰብ አለበት። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ስስ ነው፤ እዚያ የተስተካከለ ካርቡሬተር ከደጀን ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ዓባይ በረሃ ሲደርስ፣ አየሩ ስለሚወፍር ቤንዚን ያጥረዋል። ጉዳቱ የሚመጣው ቁልቁለቱን ሲወርዱ ሳይሆን ከዓባይ ድልድይ ተነሥተው ዳገቱን በሙሉ ነዳጅ ሲወጡ ነው፤ ስለዚህ በዚያ መንገድ የሚመላለስ ሰው ጂግለሩን በትንሹ ሰፋ ያድርገው። እኔ ግን፣ የበጋው አቧራ ለክፍት ማጣሪያ ስለማይራራ፣ ሳጥኑ ባይነካ እመርጣለሁ።