አዲስ የሸረሪት ዝርያ ለዓለም ማስተዋወቅ ለምትፈልጉ የሰሜን ሸዋ ልጆች

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ሳይንስ ገና ስም ያላወጣላቸው ሸረሪቶች እንዳሉ አልጠራጠርም። ሸዋ ሮቢት ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የመንዝ ጓሳ ደግሞ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። በዚህች አጭር ርቀት ውስጥ ቆላውም፣ ወይና ደጋውም፣ ደጋውም፣ ውርጩም አለ። ቆላ የለመደ ሸረሪት ጓሳ ላይ አይከርምም፤ የጓሳው ደግሞ ቆላውን ተሻግሮ ሌላ ተራራ ላይ መውጣት ይከብደዋል። አንኮበርን በስሟ የያዘችው ትንሽ ወፍ እንኳ ሳይንሳዊ ስም ያገኘችው በ1979 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ ምክንያቱን ወደ ታች ታዩታላችሁ።) ወፍ እስከዚያ ድረስ ከቆየች፣ ካብ ሥር የምትኖር ሦስት ሚሊ ሜትር ሸረሪት ሳትታወቅ መቆየቷ ምን ይገርማል?

ግን አንድ ነገር መጀመሪያ ላይ ልበላችሁ። ለናንተ አዲስ መሆኑና ለሳይንስ አዲስ መሆኑ ይለያያል። ሸዋ ላይ ደግሞ ይሄ በጣም ይከብዳል፣ ምክንያቱም ሸረሪቶቻችን ከመቶ አርባ ዓመት በፊት ተለቅመው ሄደዋል። ጣሊያናዊው ኦራትሲዮ አንቲኖሪ በ1870ዎቹ መጨረሻ ንጉሥ ምኒልክ በሰጡት ቦታ አንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ ላይ የምርምር ጣቢያ አቋቁሞ፣ እዚያው በ1882 እስኪሞት ድረስ እንስሳትና ዕፅዋት ሲሰበስብ ነበር። ስብስቡ ጄኖቫ ሙዚየም ገባ። በ1883 ፒየትሮ ፓቬዚ የሚባል ሌላ ጣሊያናዊ ስለ «ሸዋ መንግሥት» ሸረሪቶችና ዘመዶቻቸው አንድ ሙሉ ሥራ አሳተመ። ስለዚህ ወፍ ዋሻ ጫካ ውስጥ ያገኛችኋት ሸረሪት ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ስም ያላት ልትሆን ትችላለች። አዲስ ስም ብትሰጧት ቀድሞ የወጣው ስም ያሸንፋል፣ የናንተው ይጣላል። የሥራው ዋና ድካም ሸረሪት መያዙ ላይ ሳይሆን ይህን ማጣራቱ ላይ ነው።

እሺ፣ ከመስክ እንጀምር።

ፈቃድ ሳትይዙ አትውጡ። ጓሳ የማኅበረሰቡ ጥብቅ ቦታ ነው። ሕዝቡ ራሱ ቄሮ በሚባለው የጥንት የጋራ መሬት አጠባበቅ ሥርዓት ለዘመናት ጠብቆ ያቆየው ነው፣ ስለዚህ ጽሕፈት ቤቱንም ጠባቂዎቹንም አነጋግሩ። የቤተ ክርስቲያን ደን ከሆነ አስተዳዳሪውን ወይም ቄሰ ገበዙን አስፈቅዱ። የገበሬ ማሳና ካብ ከሆነ ባለቤቱን። «አባቴ፣ እንደምን ዋሉ፣ ካቡ ሥር ሸረሪት ልፈልግ ነበር፣ ድንጋዩን እንደነበረ እመልሰዋለሁ» ማለት በቂ ነው፣ የምራችሁን መልሱት ግን። ናሙና ወደ ውጭ የሚላክ ወይም ዲኤንኤ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ የኢትዮጵያ ብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በ2006 የወጣ አዋጅ አለው። ጥሩ መጽሔቶች የፈቃድ ጉዳይ ይጠይቃሉ፣ ሥራው ካለቀ በኋላ መሯሯጥ ዋጋ የለውም።

አያያዙ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ቁጥቋጦ ሥር ነጭ ጃንጥላ ገልብጣችሁ ቅርንጫፉን በዱላ መታ መታ ማድረግ። የረገፈ ቅጠል በወንፊት ማጥለል። መሬት ውስጥ አፉ ከአፈሩ እኩል እንዲሆን ኩባያ ቀብሮ ትንሽ የሳሙና ውሃ ማድረግ፣ ግን ናሙናው እንዳይበሰብስ ቶሎ ቶሎ እያዩ። ማታ ደግሞ የግንባር ባትሪ አብርታችሁ ሣሩን እዩት፦ ተኩላ ሸረሪት የሚባሉት ዓይናቸው ብርሃኑን መልሶ ያበራል፣ ከሩቅ ታገኟቸዋላችሁ። ከጅብራ ቅጠሎች መሀል፣ ከአስታ ቁጥቋጦ፣ ከጥድ ቅርፊት ሥር ፈልጉ። አንድ ጊዜ ሄዶ መመለስ አይበቃም፣ አዋቂዎቹ የሚገኙበት ወቅት እንደየዝርያው ይለያያል።

አዋቂ ስል ዝም ብዬ አይደለም። ልጅ ሸረሪት ስም ለማውጣት አይሆንም። ዝርያ የሚለየው በመራቢያ አካል ነው፣ እሱ ደግሞ ተሟልቶ የሚታየው ከመጨረሻው ቅርፊት መለወጥ በኋላ ነው። ወንዱን ለማወቅ ከፊት እግሮቹ ፊት ያሉትን ሁለት ትንንሽ እግር መሰል አካላት እዩ፣ ፓልፕ ይባላሉ። የአዋቂ ወንድ ፓልፕ ጫፉ ያበጠ ነው፣ የቦክስ ጓንት ያጠለቀ ይመስላል፣ በጎን በኩል ሲታይ ደግሞ እሾህና መንጠቆ አለው። ጫፉ አብጦ ልሙጥ ከሆነ ለአዋቂነት አንድ ቅርፊት መለወጥ ቀርቶታል። ሴቷ ጋ ሆዷ ሥር፣ ወደ ፊት በኩል፣ ጠንከር ያለ ጠቆር ያለ ሰሌዳ ይኖራል። ኤፒጋይን የሚሉት እሱን ነው። (ጥቂት ቤተሰቦች ይህ ሰሌዳ የላቸውም፣ ለነሱ የውስጡን ነው የምታዩት።)

ከመግደላችሁ በፊት በሕይወት ሳለች ፎቶ አንሱ። አረንጓዴውና ቀዩ ቀለም አልኮል ውስጥ ገብቶ ብዙም አይቆይም።

አልኮል ካልኩ አይቀር፣ አረቄ አይሆንም። ደብረ ብርሃን ላይ ጥሩ አረቄ አለ፣ ግን ዳግሙም ቢሆን ናሙና ለማቆየት በሚያስፈልገው መጠን የጠነከረ አይደለም፣ ሸረሪቷ ትበሰብሳለች። ከ70 እስከ 80 በመቶ ኤታኖል ነው የሚፈለገው። 96 በመቶውን ካገኛችሁ 78 ሚሊ ሊትር ለክታችሁ በተጣራ ውሃ እስከ 100 ሙሉት፣ ወደ 75 በመቶ ይመጣላችኋል። ለዲኤንኤ የምታስቀምጡት ካለ ሳታቀጥኑት ባለ 96 በመቶው ውስጥ ይግባ፣ ቀዝቃዛ ቦታም ይቀመጥ።

አሁን ብልቃጡ ውስጥ ስለሚገባው ወረቀት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩላል፣ እኔ ግን ከሸረሪቷ እኩል ነው የማየው፣ ምክንያቱም ወረቀት የሌላት ሸረሪት ከየት እንደመጣች ስለማይታወቅ ለሳይንስ የሞተች ናት። በእርሳስ ጻፉ። የእስኪርቢቶ ቀለም አልኮሉ ውስጥ ይለቃል። አገር፣ ክልል፣ ዞን፣ ወረዳ፣ ልዩ ቦታ፣ ጂፒኤስ፣ ከፍታ፣ ምን ላይ እንደተገኘች፣ በምን እንደተያዘች፣ ማን እንደያዛት፣ ቀን። ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ጻፉ፣ ወሩን በሮማን ቁጥር። በኛ አቆጣጠር 12/1/2017 ብትሉ ስቶክሆልም የተቀመጠው ሰው ሌላ ዓመትና ሌላ ወር ነው የሚረዳው፣ የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት ቀላል ስሕተት አይደለም። የቦታ ስም አጻጻፍም እንደዚሁ ነው፦ የድሮ ጣሊያኖች ሸዋን በጣሊያንኛ ፊደል ጻፉት፣ እንግሊዞች በሌላ፣ አሁን እኛ በሌላ እንጽፈዋለን። ስለዚህ ስሙ ብቻውን አይበቃም፣ ጂፒኤሱ አይቅር።

ቤት ስትገቡ ስቴሪዮ ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋችኋል። የራሳችሁ ከሌላችሁ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲም ሆነ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ ክፍል ሄዳችሁ ጠይቁ። ሸረሪቷን በአልኮል በተሞላ ትንሽ ሳህን ውስጥ አድርጋችሁ ታች የታጠበ ደቃቅ አሸዋ አንጥፉ፣ እሱ ላይ በፈለጋችሁት ጎን ትቆምላችኋለች። ቀጭን ወረንጦ ያዙ።

መጀመሪያ ቤተሰቧን ለዩ። ዓይኗን ቁጠሩ፣ አቀማመጡንም እዩ። ፊት ለፊት ሁለት ትልልቅ ዓይን ካላት ዘላይ ሸረሪት ናት። ታች በመስመር አራት ትንንሽ፣ ላይ ሁለት ትልልቅ፣ ከኋላ ደግሞ ሁለት ካላት ተኩላ ሸረሪት፤ እንቁላሏን ከኋላዋ ድር መፍተያዋ ላይ አንጠልጥላ፣ ልጆቿን ጀርባዋ ላይ አዝላ የምትሄደው እሷ ናት። እግሯ ረጃጅም እሾህ የበዛበት፣ ዓይኖቿ ክብ ሠርተው የተሰበሰቡ ከሆነ ሌላ ቤተሰብ ነው። ከዚያ ወደ ጂነስ ትወርዳላችሁ፣ ማለትም በቤተሰቡ ውስጥ የቅርብ ዘመድ ዝርያዎች ወደሚመደቡበት ወገን፣ ለዚህ መለያ ቁልፍ የሚባሉ ጽሑፎች አሉ።

ከዚያ የዓለም ሸረሪቶች ካታሎግ ውስጥ ግቡ። ኢንተርኔት ላይ ነው፣ ነፃ ነው፣ በርን ከተማ ያለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ነው የሚያስተናግደው። በ2022 የተመዘገቡት ዝርያዎች 50,000 ደርሰዋል። ከተመዘገባችሁ የድሮውን ጽሑፍ ሁሉ ያወርድላችኋል፣ ለኛ ቤተ መጻሕፍት ለማናገኝ ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው። በጂነሱ ሥር ያሉትን ከኢትዮጵያ፣ ከኤርትራ፣ ከኬንያ፣ ከየመን የተመዘገቡትን አንድ በአንድ አውጡና ሥዕሉን ከናንተዋ ጋር አስተያዩ። የድሮዎቹ ገለጻዎች ብዙ ጊዜ አጫጭር ናቸው፣ በላቲን ወይም በጣሊያንኛ የተጻፉ፣ የመራቢያ አካል ሥዕል የሌላቸው። በሱ ብቻ መወሰን አይቻልም። ናሙናው ያለበት ሙዚየም ጋ ጻፉ፣ ስሙ የወጣባትን የመጀመሪያዋን ናሙና ፎቶ ጠይቁ። ጨዋ ኢሜይል ብዙ በር ይከፍታል፣ የሙዚየም ሰዎች ሥራቸው ነው። በዚያው ቤተሰብ ላይ የሚሠራ ባለሙያም ፈልጉና ሥዕላችሁን አሳዩት፣ አብሮ ለመጻፍም ጠይቁት።

ሴቷና ወንዱ የተለያየ መልክና መጠን አላቸው። አብረው ስለተገኙ ብቻ ባልና ሚስት አይደሉም። ሲገናኙ ካላያችሁ ወይም ዲኤንኤው ካልመሰከረ በጥንቃቄ ጻፉት። አንዱ ዝርያ በወንዱ አንድ ስም፣ በሴቷ ሌላ ስም ይዞ ለብዙ ዓመት የኖረባቸው አጋጣሚዎች ብዙ ናቸው።

አዲስ ናት ብላችሁ ከወሰናችሁ ሥዕሉ ይቀጥላል። የወንዱን የግራ ፓልፕ ከፊትና ከጎን አሳዩ፣ ግራው የተለመደ ስለሆነ ለማስተያየት ይመቻል። ለዲኤንኤ እግር ከቆረጣችሁ ከቀኙ ቁረጡ። የሴቷን ኤፒጋይን ከውጭ ፎቶ ካነሳችሁ በኋላ በጥሩ መርፌ ለይታችሁ አውጡት፣ ሥጋውን በ10 በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ አስለቅቁና በቅርንፉድ ዘይት ውስጥ አድርጋችሁ እዩት፤ ውስጡ ያሉት ቱቦዎች ወለል ብለው ይታያሉ። የወጣውን ክፍል በጣም ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ከእናት ናሙናው ጋር አስቀምጡ። ሥዕሉ ሁሉ የሚሊ ሜትር መለኪያ መስመር ይኑረው።

አዲሷን ዝርያ በሚያስተዋውቀው ጽሑፍ ውስጥ ብዙ ሰው ርዝመትና ቀለም ይዘረዝራል። እሱም ይግባ፣ ግን ልባችሁን ልዩነት መግለጫው ላይ አድርጉ፦ ይህች ሸረሪት ከቅርብ ዘመዷ በምን ትለያለች? «ቡናማ ናት፣ እግሯ ረጅም ነው» ማንንም አይለይም። «የፓልፑ መንጠቆ ጫፉ ላይ ለሁለት ይከፈላል፣ የዘመዷ ግን አንድ ብቻ ነው» ያለ ሰው ሥራውን ሠርቷል። ዘመዷን በስም ጥሩ፣ የትኛው ሥዕል ጋር እንደምናስተያይ ንገሩን። ናሙናው አንድ ሴት ብቻ ከሆነ ቆዩ፣ ተጨማሪ ፈልጉ፤ አንድ ናሙና በዝርያው ውስጥ ያለውን ልዩነት አያሳይም።

ሕጉ ደግሞ አለ፣ የእንስሳት ስም አሰያየም ዓለም አቀፍ ደንብ። አዲስ ዝርያ መሆኑን በግልጽ መናገር፣ የስሙን ተሸካሚ አንድ ናሙና መምረጥ፣ እሱም ሆሎታይፕ ይባላል፣ የትኛው ሙዚየም እንደሚቀመጥ መጻፍ ግዴታ ነው። አብረው የተገለጹት ሌሎቹ ናሙናዎች ፓራታይፕ ይሆናሉ። ጽሑፉ በኤሌክትሮኒክ ብቻ የሚወጣ ከሆነ ከ2012 ጀምሮ ዙባንክ በሚባለው የእንስሳት ስሞች የኢንተርኔት መዝገብ ላይ መመዝገብ አለበት። ስሙ በላቲን ፊደል ይጻፋል። በቦታ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ኤንሲስ የሚል መጨረሻ ይጨመራል፣ በወንድ ስም ከሆነ ኢ፣ በሴት ስም ከሆነ ኤ የሚነበብ። በራሳችሁ ስም መሰየም በደንቡ አልተከለከለም፣ ግን ነውር ነው። እኔን ብትጠይቁኝ የቦታውን ስም ስጧት፣ የመንዝና የአንኮበር ልጅ ስሟን ሲሰማ የኔ ናት ይበል።

ሆሎታይፑ የት ይቀመጥ? የድሮዎቹ ጄኖቫ ናቸው፣ ለማየት ቪዛ ወይም ኢሜይል ያስፈልገናል። የናንተዋ አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ትሁን። ከመጻፋችሁ በፊት ኃላፊዎቹን አነጋግራችሁ የመዝገብ ቁጥር ውሰዱ፣ አልኮሉ እየተነነ ሲሄድ ማን እንደሚሞላው ጠይቁ። አንድ ሁለት ፓራታይፕ፣ ፈቃዱ ካለ፣ ሌላ አገር ሙዚየም ብታስቀምጡ ጥሩ ነው፣ አንዱ ቤት ቢቃጠል ሌላው ይተርፋል።

መጽሔት ስትመርጡ ገንዘብ ክፈሉ ብሎ በሳምንት አትማለሁ የሚላችሁን ተዉት። ከደራሲም ከአንባቢም ክፍያ የማይጠይቅ የአውሮፓ ታክሶኖሚ (የዝርያ ምደባና ስያሜ) መጽሔት፣ European Journal of Taxonomy የሚባል፣ አለ። ዙታክሳ (Zootaxa) የሚባለው መጽሔትም ጽሑፉ ለሁሉም ክፍት ይሁን ካላላችሁ አያስከፍልም። ገምጋሚዎች ብዙ ይመልሱባችኋል፣ በተለይ ያ ልዩነት መግለጫ ላይ። መልሱላቸው፣ አስተካክሉ። ከታተመ በኋላ ለሆሎታይፑ ቀይ ወረቀት አስገቡ፣ ስሙን፣ ዓመቱንና ሆሎታይፕ መሆኗን ጽፋችሁ። አንድ ቅጂ ለጓሳ ጽሕፈት ቤት ወይም ፈቃድ ለሰጣችሁ ደብር አድርሱ፣ ከፊቱ በአማርኛ አንድ ገጽ ማብራሪያ ይኑረው።